ገበያው ሲሞት የአሮጌ መኪና ዋጋ እንዴት ይነበባል፦ ከፈረስ መጋላ ፔጆ እስከ ፌራሪ

ሐረር ሄዶ ፈረስ መጋላ ላይ የቆሙትን ፔጆ 404ዎች ሳያይ የተመለሰ ሰው፣ ሐረርን አየሁ ባይል ይሻላል። ዛሬ ባጃጅ ቦታቸውን ወስዶባቸው ቁጥራቸው ሳስቷል። የአጎቴ ፔጆም ከታክሲነት ጡረታ ወጥቶ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ቆሟል። ዶሮዎቹ ኮፈኑ ላይ ያድራሉ።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጥያቄ መጣብኝ። መጀመሪያ አጎቴ፦ «አቦ፣ ይሄን መኪና አሁን ልሽጠው ወይስ ልጠብቅ? ገበያው ሞቷል ይላሉ» አለኝ። ቀጥሎ ጀርመን ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኛት የኖረችውን አሮጌ ፖርሽ 911 ሊገዛ አስቧል። የጀርመን ኢኮኖሚ በ2023 እና በ2024 በተከታታይ አሽቆልቁሏል። «አሁን ይረክሳል አይደል?» አለኝ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱም የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። መልሱን ለእነሱ በስልክና በቡና ላይ በቁርጥራጭ ነገርኳቸው። እዚህ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ኢኮኖሚ ሲቀዘቅዝ መኪናው ያው መኪና ነው፣ አንድ ብሎን አይጎድልበትም። የሚጠፋው ገዢው ነው። ገዢ በጠፋበት ገበያ ላይ ዋጋ የሚቆርጠው ደግሞ መሸጥ ግድ የሆነበት ሰው ነው። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ሻጩን ማንበብ ልመዱ። ከታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

1ኛ፦ መኪናችሁ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሆነ እወቁ

ሰብሳቢዎች የሚፈልጓቸውን መኪኖች እንደ ሱቅ ዕቃ በሦስት መደርደሪያ አስቀምጧቸው።

ላይኛው ላይ በጣት የሚቆጠሩት አሉ። ፌራሪ 250 ጂቲኦ የተሠራው 36 ብቻ ነው። ማክላረን ኤፍ 1 ደግሞ የእሽቅድድሙም የመንገዱም ተደምሮ 106። የእነዚህ ባለቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ቸኩለው አይሸጡም። የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ መኪናውን ጋራዥ ውስጥ ቆልፈው ይጠብቃሉ።

መካከለኛው ላይ በሺዎች የተሠሩ ውብ መኪኖች አሉ። ጃጓር ኢ-ታይፕ፣ ፖርሽ 911፣ የመርሴዲስ ኤስኤል ቤተሰብ። ገዢዎቻቸው ሐኪሞች፣ ጠበቆች፣ መካከለኛ ነጋዴዎች ናቸው። ንግዱ ሲቀዘቅዝ ወይ ቦነሱ ሲቀር መጀመሪያ የሚሸጡት ይህችኑ የእሑድ መኪና ነው። ቤቱንና የልጁን ትምህርት ቤት ከመንካቱ በፊት ማለት ነው። ድቀት በጣም የሚጎዳው ይህንን መደርደሪያ ነው።

ታችኛው ላይ ደግሞ ፍቅር እንጂ ብዙ ገንዘብ የማያወጡ አሮጌ መኪኖች አሉ። ዋጋቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ የሚወድቁበት ርቀት አጭር ነው። ችግራቸው ሌላ ነው፤ ገዢ ጭራሹን ይጠፋል።

የአጎቴ ፔጆ ታችኛው ላይ ናት። ፔጆ 404 ቅርጿን ያወጣው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። ከ1960 ጀምሮ ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ሁለት በር ያላቸው ኩፔና ካብሪዮሌ (ጣሪያው የሚከፈት) ሞዴሎቿ ግን አንድ ላይ ቢደመሩ 10 ሺህ አካባቢ ናቸው። አውሮፓ ውስጥ ሰብሳቢ የሚሻማው በእነሱ ላይ ነው። አራት በሯ የቤተሰብ መኪና ናት።

ይህን ስነግረው አጎቴ ተቀየመኝ። «የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ አራት ጊዜ ያሸነፈች መኪና ናት!» አለ። እውነቱን ነው። በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። ያሸነፈችው ግን የእሱዋ አይደለችም። ሰብሳቢ ገንዘብ የሚከፍለው ለሞዴሉ ዝና ሳይሆን ለዚያች ለአንዷ የሻንሲ ቁጥር ታሪክ ነው። ሳፋሪን የጨረሰች 404 ከነሰነዷ ብትገኝ ሌላ መደርደሪያ ላይ ትወጣለች። ከፈረስ መጋላ ሸዋ በር ስትመላለስ የኖረችው እዚያው ትቀራለች።

2ኛ፦ ድቀቱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ

ድቀት ሁሉ አንድ አይደለም። መጠየቅ ያለባችሁ አንድ ጥያቄ ነው፦ የባንክ ወለድ ወደ ላይ እየሄደ ነው ወይስ ወደ ታች?

ወለዱ ወደ ላይ ሲሄድ የሆነውን ልንገራችሁ። የፌራሪ መሥራች ኤንዞ ፌራሪ በነሐሴ 1988 (ኦገስት) ሞተ። «ከእንግዲህ እሱ ያለበት ፌራሪ አይሠራም» ተባለና ዓለም ተንጋጋ። ጃፓን ውስጥ ገንዘብ ሞልቶ በሚፈስበት ጊዜ ነበር። በ1989 አንድ 250 ጂቲኦ ለጃፓናዊ ገዢ በ14.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሰዎች መኪና መንዳት ትተው የመኪና ወረፋ መነገድ ጀመሩ። የፌራሪ ኤፍ 40 ወረፋ ራሱ በትርፍ ይሸጥ ነበር። መጀመሪያ 400 ያህል ብቻ ይሠራል የተባለው ኤፍ 40 በመጨረሻ ከ1,300 በላይ ተሠራ።

ከዚያ የጃፓን የአክሲዮን ገበያ በ1989 መጨረሻ ጣሪያ ነክቶ መውረድ ጀመረ። እንግሊዝ ውስጥ ወለድ 15 በመቶ ደርሶ ነበር። በብድር የገዛ ሁሉ አንድ ላይ ወደ በሩ ሮጠ፤ በሩ ደግሞ ጠባብ ነበር። ያው ጂቲኦ በ1994 መጨረሻ ሲሸጥ 3.5 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ አወጣ። ከአራት እጅ ሦስቱ ሄደ ማለት ነው። መኪናዋ አልተጋጨችም፣ አልዛገችም።

ከዚያ ዘመን እኔን የሚያስቀኝም የሚያሳዝነኝም የጃጓር ኤክስጄ 220 ነገር ነው። በ1989 መጨረሻ ትእዛዝ ሲቀበሉ ሰው 50 ሺህ ፓውንድ ቀብድ ይዞ ተሰለፈ። ብዙዎቹ መኪናዋን እንደወጣች ሊያተርፉባት ነበር። መኪናዋ በ1992 ስትደርስ ዋጋዋ ከ400 ሺህ ፓውንድ በላይ ሆኖ ድቀቱ ደግሞ ገዢውን በልቶታል። አንዳንዶቹ ከውሉ ለመውጣት ፍርድ ቤት ሄዱ። በመጨረሻ የተሠራችው ከ300 በታች ነው። ቀብድ ከፍላችሁ ዕቃ የምትጠብቁ ሰዎች ይህን ታሪክ ደጋግማችሁ አስቡት።

አሁን ሌላኛውን ዓይነት እዩ። በመስከረም 2008 (ሴፕቴምበር) ትልቁ የአሜሪካ ባንክ ሌማን ብራዘርስ ወደቀ። ዓለም ጨለመ። ማዕከላዊ ባንኮች ግን ወለድን ወደ ዜሮ ጠጋ አደረጉት። ባንክ ያስቀመጡት ገንዘብ ምንም የማይወልድ ሲሆን፣ ጥሬ ገንዘብ ያለው ሰው የሚጨበጥ ነገር ፈለገ። በግንቦት 2009 (ሜይ) የፌራሪ ፋብሪካ ባለባት የጣሊያን ከተማ ማራኔሎ ላይ አንድ የ1957 ፌራሪ 250 ቴስታ ሮሳ በ9 ሚሊዮን ዩሮ አካባቢ ተሸጠ። በጊዜው ለጨረታ መኪና የዓለም ሪከርድ ነበር። ቀውሱ ገና አልበረደም ነበር እኮ! መካከለኛው መደርደሪያ ግን እንዲህ አልቀናውም። ከላይኛው ላይ ደግሞ በ2018 ሌላ 250 ጂቲኦ በ48.4 ሚሊዮን ዶላር ሄደ።

በኮሮና ጊዜ ወለዱ ዝቅ ብሎ ስለነበር ዋጋ ወጣ። ከ2022 ጀምሮ ወለድ ሲወደድ መካከለኛው መደርደሪያ ላላ።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ ያልኩት ይኸው ነው። በብድር የምትገዛት ከሆነ ተዋት፤ ወለዱ ዋጋው ቢወርድም የወረደውን ይበላዋል። በእጅህ ባለ ገንዘብ ከሆነ ግን አትቸኩል፤ ድቀት ሲጀምር ዋጋ ወዲያው አይወርድም። ሻጮች መጀመሪያ ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት ይግደረደራሉ። ከዚያ አንዱ ሲፋታ፣ አንዱ ንግዱ ሲዘጋ፣ አንዱ ሲወርስና ወንድሞቹ ድርሻቸውን ሲጠይቁት እውነተኛው ዋጋ ይወጣል።

3ኛ፦ የሚጠየቀውን ዋጋና የተሸጠበትን ዋጋ አትቀላቅሉ

ይህ እርምጃ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። ቴሌግራም ላይ የተለጠፈ ዋጋ ምኞት ነው። ውጭ ሀገር ያላችሁ የጨረታ ውጤት ተመልከቱ፤ እዚያ የተሸጠበት ዋጋ ይጻፋል። ከዋጋውም በላይ ግን ስንት መኪና ሳይሸጥ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ ቁጠሩ። ድቀት መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው፤ ዋጋው ሳይወርድ በፊት የማይሸጡት ይበዛሉ።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ መዝገብ የለም። ስለዚህ በእግር ነው። ሐረር ከሆናችሁ ጋራዦቹን ዙሩ፣ ድሬዳዋ ከሆናችሁ ከዚራና ሳቢያን ያሉትን ደላሎች ጠይቁ። ጥያቄው «ስንት ያወጣል?» አይሁን። «ባለፉት ሦስት ወራት በእጅህ የተሸጠው የትኛው ነው? ስንት ቀን ቆመ?» በሉ። ስንት ቀን እንደቆመ የሚነግራችሁ ደላላ ካገኛችሁ ወዳጅ አድርጉት።

በጥብቅ የምመክረው ደግሞ፦ ከሰዓት በኋላ በጫት በርጫ ላይ የተነገረ ዋጋ አትያዙ። ምርቃና ላይ የማይሸጥ መኪና የለም፣ የማይገዛ ሰውም የለም። ጠዋት ላይ ያው ሰው ስልክ አያነሳም። እኔ አንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ሁለት ሳምንት ተንገላትቻለሁ።

4ኛ፦ ዋጋውን በብር ብቻ አትለኩ

እኛ ሀገር «መኪና አይወርድም» የሚባል ነገር አለ። በብር አይወርድም፤ እውነት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ሥርዓቱ ሲለወጥ በባንክ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ሆነ። እስቲ ለምሳሌ ብቻ እናስላ። ዶላር 57 ብር ሳለ በ1 ሚሊዮን ብር የተገዛ መኪና 17,500 ዶላር ያህል ነበር። ዶላር 125 ሲሆን በ1.5 ሚሊዮን ብር ቢሸጥ 12,000 ዶላር ነው። ሰውየው ግማሽ ሚሊዮን አተረፍኩ ብሎ በግ ያርዳል።

«ያኔም ቢሆን ዶላር በ57 ማን ሸጠልህ?» የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ። የባንኩና የጎዳናው ዋጋ በጣም የተራራቀ ነበር። ስለዚህ እኔ የምለካው በሌላ ነው። መኪናው በተገዛበት ቀን ዋጋው ስንት ኩንታል ጤፍ ይገዛ ነበር? ዛሬስ? ወይም ከሌላ መኪና ጋር አነጻጽሩት፦ ያኔ በዚህ ፔጆ ዋጋ ላይ ስንት ብር ቢጨመር ቪትዝ ይገዛ ነበር? ዛሬስ ልዩነቱ ስንት ሆነ? ልዩነቱ ሰፍቶ ከሆነ የእናንተ መኪና ወድቃለች፤ ብሩ ቢጨምርም።

5ኛ፦ የውጭውን ዋጋ እዚህ አታምጡት

«ኢንተርኔት ላይ 404 ይህን ያህል ሺህ ዩሮ ይላል» የሚል ሰው በሳምንት አንድ አይጠፋም። ዩሮው ያለው እዚያ ነው፣ መኪናው ያለው እዚህ ነው። በመካከላቸው ግድግዳ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ፖርሿን ይዞ ሐረር ሊገባ አይችልም፤ የፍራንክፈርት ርካሽ ዋጋም እዚህ አይደርስም።

ግድግዳው በተገላቢጦሽም ይሠራል። አዲስ የነዳጅ መኪና ካልገባ ያለው ያለው ነው። ገበያው ቢቀዘቅዝ እንኳ ዋጋው በቶሎ አይፈርስም። ይህ ግን ለሚነዳ መኪና ነው። መለዋወጫው ከጋራዥ ጋራዥ ለሚለመን የ60 ዓመት ፔጆ ብዙም አያግዝም።

6ኛ፦ መኪናዋን ራሷን ፈትሹ

ገበያ ሲሞት ገዢ መራጭ ይሆናል። ገበያው ሞቅ ሲል የሚታለፍ እንከን ሁሉ አሁን ዋጋ ይቆርጣል።

ማግኔት ያዙ። ከማቀዝቀዣ በር ላይ የሚለጠፈው ትንሹ ይበቃል። በጨርቅ ሸፍናችሁ ላሜራው ላይ አስኪዱት። የማይዝበት ቦታ ሥሩ ስቱኮ ነው። የበሮቹን ታችና የጎማ ዙሪያውን አትርሱ።

ምንጣፉን ግለጡ። ድሬዳዋ የኖረ መኪና ከሆነ በተለይ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ ከተማዋን ምን እንዳደረጋት የማያስታውስ የለም። ውኃ የገባበት መኪና ከስንት ዓመት በኋላም ቢሆን ወንበር ሥር ደቃቅ ደለል ይዞ ይገኛል። በተረፈ የድሬ ደረቅ አየር ለላሜራ ጥሩ ነው፤ ፀሐይዋ ግን ጎማና ዳሽቦርድ ትፈጃለች።

ቀጥሎ የደንገጎን ዳገት አስወጧት። ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ከ1,200 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ይወጣል። ከዚህ የተሻለ መፈተሻ ማሽን አላውቅም። ጠመዝማዛውን ስትወጣ የሙቀት ቆጣሪውን እዩ፣ ፍሪሲዮኑን አሽትቱ። ስትወርድ ፍሬኑን። የምትሄዱት በጠዋት ይሁን። ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚበር አይሱዙ ኋላችሁ ካለ የምትፈትሹት የራሳችሁን ልብ ነው።

ለሰብሳቢ ልትሸጡ ካሰባችሁ ደግሞ አንድ የተገላቢጦሽ ነገር አለ። እኛ ጋ «አዲስ ቀለም ተቀብታለች፣ ሞተር ተቀይሮላታል» ሲባል ሙገሳ ነው። ለሰብሳቢ ስድብ ነው። እሱ የሚፈልገው ከፋብሪካ የወጣችበትን ሞተር፣ የመጀመሪያውን ቀለም ነው፤ ቢያረጅም። በድቀት ጊዜ ይህ ልዩነት ይሰፋል። ታሪኳ የተሟላው ዋጋዋን ስትይዝ የተቀያየረችው ለብቻዋ ትወድቃለች። ስለዚህ ለመሸጥ ብላችሁ አዲስ ቀለም አታስቀቡ። አጥቡና ተዉት።

7ኛ፦ ወረቀቱን አስተካክሉ

አጭር ነው፣ ግን ብዙ ሽያጭ የሚፈርሰው እዚህ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። ሞተር ተቀይሮ ሊብሬ ካልተስተካከለ አሁኑኑ አስተካክሉ። በውክልና ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ መኪና ከሆነ የመጀመሪያውን ባለስም ፈልጉ። ሞቶ ከሆነ ወራሾቹ አሉ፤ ጊዜ ይወስዳል። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አረጋግጡ። የዓመቱ ቦሎ ይኑር። የድሮ ደረሰኝ፣ የጋራዥ ወረቀት፣ አባት ከመኪናዋ ጋር የተነሱት ፎቶ ሁሉ ይሰብሰብ። ፎቶው ቀልድ አይደለም፤ ለሰብሳቢ ማስረጃ ነው።

8ኛ፦ መጠበቅ ስንት እንደሚያስከፍል ቁጠሩ

«ገበያው እስኪመለስ ላቆየው» ማለት በነጻ አይደለም። የቆመ መኪና ይበላል። ባትሪው ይሞታል፣ ጎማው በአንድ ጎን ይጠፈጠፋል፣ ቤንዚኑ ካርቡሬተሩ ውስጥ ይደርቃል፣ አይጥ ሽቦ ይቆረጥማል። የምታቆዩት ከሆነ ጎማውን ከፍ አድርጋችሁ በድጋፍ አቁሙ፣ ባትሪውን ፍቱ፣ በየሁለት ሳምንቱ አስነሱና እስኪሞቅ አስሠሩት። የዓመቱን ወጪ ጻፉ። ከዚያ ጠይቁ፦ ዋጋው ከዚህ ወጪ በላይ ይጨምራል? መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ከ1990 በኋላ የጠበቁ ሰዎች ዓመታት ነው የጠበቁት። ብድር ያልነበረባቸው ጠበቁ፤ የነበረባቸው አልቻሉም።

9ኛ፦ የሽያጩ ቀን

ገዢ ከተገኘ የደላላውን ኮሚሽን አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ በመቶኛ ይሁን በድፍን ብር ይታወቅ። ቀብድ ስትቀበሉ ቀኑንና ሽያጩ ቢፈርስ ምን እንደሚሆን በወረቀት ላይ አስፍሩ። ክፍያው በሲፒኦ ወይ በባንክ ዝውውር ይሁን፤ ሲፒኦውን ባንኩ ራሱ እስኪያረጋግጥላችሁ ቁልፍ አትስጡ። ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ይፈረም። ስሙ እስኪዞር ድረስ መኪናዋ ሰው ብትገጭ መጀመሪያ የሚፈለገው የእናንተ ስም ነው።

አጎቴ እስካሁን አልሸጠም። አንድ የድሬ ሰው መጥቶ ማግኔት አስኪዶባት ሄደ፤ ያቀረበው ዋጋ አጎቴን ለሦስት ቀን አኮረፈው። ባለፈው እሑድ ስሄድ ግን መኪናዋ ታጥባ፣ ቆርቆሮ ሥር ገብታ፣ በአራት ብሎኬት ላይ ቆማለች። ዶሮዎቹ ኮፈኑን አጥተው ግቢው ውስጥ ይዞራሉ።